ለዘር የተውኩት ወንዴ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ዘር ያለው ተክል ለምለም ቆሞ አይነቀልም ነበር። ግፍ ነው። እና ታዲያ እኔን ጉድ የሠራኝ ይኸው ነው፣ ስሙኝማ።

እህቴ ዘነቡ በሰው አገር፣ ሮውሌት በምትባል ከተማ፣ ልጇ ቤት ሆና ለካንሰሯ ኬሞ ጀመረች፣ እና እህል የሚባል አልወርድ አላት። የሐኪሙም ክኒን አልያዘላትም። ታዲያ ልጇ ሰናይት አንድ ቀን የልብስ ማስቀመጫውን ጓዳ፣ ክሎዜቱን፣ ከፍታ አሳየችኝ፤ መብራት ተንጠልጥሏል፣ ከሥሩ ስድስት ችግኝ። እፀ ፋርስ!

«አንቺ፣ በዚህ እኮ ይታሰራል!» አልኳት።

«አክስቴ፣ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል ይላሉ፤ እማዬ እህል ትብላልኝ እንጂ እኔ ልታሰር» አለችኝ። ምን ትሏታላችሁ? ጠርሙስ ሙሉ ስካር በየመደብሩ የሚሸጥ አገር፣ በቅጠል ያስራል!

እና ሰናይት ሥራ ስትውል እኔ ጠባቂ ሆንኩ። ላይብረሪ ሄጄ ያልገለበጥኩት መጽሐፍ የለም። ኃይሉ ያለው በሴቴዋ አበባ ነው፣ በጨለማ ሰዓቷ መብራት ካየች ትደክማለች፣ ቸኩለው በሙቀት ካደረቋት ትበላሻለች፤ ሁሉን አወቅሁ። ሰናይትም «ወንዴዎቹን ገና ሲለዩ ይንቀሏቸው፣ አደራ» ብላኛለች። ሁለቱን ነቀልኩ። ሦስተኛው ግን ቁመቱ፣ ልምላሜው! እጄ እምቢ አለ። ለዘር ይሁን ብዬ ተውኩት። ያን ሁሉ ያነበብኩ ሴት! ታዲያ ሦስቱም ሴቴዎች ፍሬ ቋጠሩ፣ እኔ ደግሞ «ተባረከ!» እያልኩ ነው።

ሰናይት መጥታ አበባውን ፈልፈል አድርጋ ዘሩን ስታይ፣ እዚያው ክሎዜቱ ውስጥ ቁጭ አለች።

«አክስቴ፣ ኃይሉ እኮ ለዘሩ ሄደ።»

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቢሆንም ያንኑ አበባ ቅቤ ውስጥ አብስላ ለእናቷ ሰጠቻት። ጠበቅን፣ ጠበቅን፤ ምንም። ዘነቡ ነገሩን ስትሰማ ግን በዚያ በደከመ ድምጿ፣ «እታለም፣ ሁለት ባል አባርረሽ ለቅጠል ወንድ ራራሽ?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እና ሳቅ ሆድ አይሞላም፤ ያን ቀንም ምንም ሳትቀምስ ዋለች።

በሁለተኛው ዙር አንድም ወንዴ አላስተረፍኩም። አበባው ሙጫ በሙጫ ሆኖ ያብለጨልጭ ነበር። ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዘነቡ ጥላን ሄደች።

ሰው ድምጿ ናፈቀኝ፣ መልኳ ናፈቀኝ ይላል። እኔን የሚናፍቀኝ ያልሰማሁት ነው፤ «እታለም፣ ራበኝ» ስትለኝ።

«እማማ፣ ቢሠራላትስ ስንት ቀን ያቆያት ነበር?» አለችኝ ከሚሰሙኝ ልጆች አንዷ።

«ማቆየቱን ማን አነሳ፣ ልጄ? አንድ ምሳ ርቧት እንድትበላልኝ ነው የፈለግሁት። አንድ ምሳ።»