የፊት ጎማ

ከዋጃ ወደ ቆቦ በሚሄደው አውቶቡስ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው የተቀመጠውን ወጣት እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ አይተው ጠየቁት።

«እጅህ ምን ሆነ ልጄ?»

«ከሞተር ወድቄ ነው አባባ። የፊት ጎማውን አንስቼ በኋላው ብቻ መሄድ እየተማርኩ ነው።»

«ስትከንፍ?»

«የለም፣ በዝግታ። በፍጥነትማ ቀላል ነው። እኔ የምፈልገው በለቀስተኛ እርምጃ ነው።»

«የማን ለቅሶ?»

«የወንድሜ። ብሔራዊ ውትድርና ሄዶ እዚያው ቀረ። ፈረስ ቢኖረው በለቅሶው መሃል ይወጣለት ነበር፤ የነበረው ግን ሞተር ነው፤ እሱኑ እንደ ፈረስ አስነስቼ አሳልፍለታለሁ።»

«እግዜር ያጥናችሁ። የአባቴን ፈረስ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ልጓሙን ከለቀቅኸው ይጥልሃል።»

«ይሄም የኋላ ፍሬኑን በቀኝ እግር ጫን ካላሉት ወደ ኋላ ይገለብጣል። እንባዬ ሲመጣ እግሬ ይረሳዋል።»

«እንግዲያው በለቀስተኛው መሃል እስክታሳልፈው አታልቅስ።»

ከኋላቸው ተቀምጬ የምሰማው እኔም ቀኝ እግሬን ወለሉ ላይ ጫን አደረግሁ።