የንግሥቴ ዘርና የማይታየው ብርሃን

በጥቅምት አጋማሽ፣ በጅጋ ገበያ፣ አያ ቢሰጥ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ቆመው የችግኝ መሸፈኛ ፕላስቲክ ወደ ፀሐይ እያነሡ ይመርጡ ነበር። አምና የበርበሬ ችግኛቸውን የሌሊት ቁር ጨርሶባቸዋል። ሽማግሌው ጥፋቱን በፕላስቲኩ መደብዘዝ ላይ አላከኩና ዘንድሮ መስተዋት የመሰለውን ስስ ሊገዙ ቆርጠዋል። ቤት የቀረው ዘር አንድ ጭብጥ ነው፤ ሟች ባለቤታቸው ንግሥቴ በእጇ ለቅማ ያኖረችው። እሱም ካለቀ ከእጇ የቀረ ነገር አይኖራቸውም።

የንግሥቴ የእኅት ልጅ ንጋት ባሕር ዳር ፊዚክስ ታጠናለች። እናቷን ልትጠይቅ መጥታ በዚያ ስታልፍ አየቻቸውና ጉልበታቸውን ሳመች። ሥራዋን ቢጠይቋት፣ ስስ ፕላስቲኮችን በኢንፍራሬድ መሣሪያ እንደምትለካ ነገረቻቸው፤ ዓይን ከማያየው የሙቀት ብርሃን ምን ያህሉ እንዳለፈ፣ ምን ያህሉ እንደተመለሰ፣ ምን ያህሉንስ ፕላስቲኩ እንደዋጠው። የያዙትም ስስ ቀን ፀሐይ እንደሚያስገባ ሁሉ ሌሊት የመሬቱን ሙቀት እንደሚያስወጣ ጨመረችላቸው።

«ልጄ፣ የማይታይ ብርሃን የሚታየው ለባሕታውያን ነው» አሉ ፈገግ ብለው።

«ዓይን ባያየውም ፊት ያውቀዋል፤ ይፍቀዱልኝና ላሳይዎ።»

ከጎረቤት ሻይ ቤት ጥላሸት የለበሰ፣ ገና ከእሳት የወረደ ማንቆርቆሪያ አስመጣች። ዓይናቸውን ጨፍነው ጉንጫቸውን ጠጋ እንዲያደርጉ ለመነቻቸው። ስሱን በመካከል ስትጋርድ ሙቀቱ ጉንጫቸው ላይ እንዳለ ቀረ። ከቦርሳዋ ያወጣችውን ወፈር ያለ የፕላስቲክ ቁራጭ ስትተካበት ግን ወዲያው ቀዝቀዝ አላቸው።

ዓይን ትልቅ ምስክር ነው፤ ብቻውን ግን ዳኛ አይሆንም። አያ ቢሰጥ ዓይናቸውን ገለጡና ስሱን ፕላስቲክ ወደ ሱቁ መለሱት።

«እንግዲያ አምናም በስስ ሸፍኜ የንግሥቴን ችግኝ የፈጀሁባት እኔ ነኛ?»

«አለመለካት ነው የፈጀው፣ አያ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይሉን የለ? ከመሸፈንም መለካት ይቅደም። ወፍራም ሁሉ ደግሞ ሙቀት አይዝም። ከሱቁ ካለው ሁሉ ቁራጭ ቁራጭ ልውሰድና በመሣሪያው ልየው።»

ያን ቀን ምንም ሳይገዙ ገቡ። ንጋት ለክታ የሚሻለውን በስልክ ስትነግራቸው ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ገዝተው ዘሩን ዘሩ። ኅዳር ላይ ቁሩ በረታ፤ የብዙ ሰው ችግኝ ጠወለገ። አያ ቢሰጥ ጧት ፕላስቲኩን ገለጥ ሲያደርጉ የንግሥቴ ችግኝ ለምልሞ ቆሟል። ከመደቡ አጠገብ ተቀምጠው አለቀሱ።

ችግኙ ሲደርስ ብርድ ለመታባቸው ጎረቤቶች አካፈሉ። ሲያካፍሉም ያልተለካ እንዳይገዙ፣ የተለካ መሸፈኛ ዘርንም ድካምንም እንደሚያተርፍ እየመከሩ ነበር። ዳግም ለጥየቃ የመጣችው ንጋት ለራሳቸው የቀረው ማነሱን አይታ ብታዝን፣

«ተይ ልጄ» አሏት፤ «የንግሥቴ ዘር ከእንግዲህ በአንድ ሰው መደብ ብቻ አይደር።»