በሬው ሲልሰው የኖረው ጨው

ጣልያን የወጣ ሰሞን ነው። የፋሲካ ቅርጫ ደረሰንና ስጋውን ዘልዝለን ለቋንጣ ልንሰቅል ስንል አሞሌው ከቤት አልቋል። ትክል ድንጋይ ገበያ ብሄድ አንድ የጨው ነጋዴ የለም፤ ባዶ እጄን ተመለስሁ። ባለቤቴ ግን የጭልጋ ልጅ ናት፣ መላ አታጣም። ለከብቶቻችን የማስልሰውን ጨዋማ አፈር ከጋጣው አምጥታ ወቀጠችና ከበርበሬው ጋር ደባልቃ ስጋውን ታሸው ጀመር።

«ኧረ አንቺ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» ብላት፣ «ምነው አንቱ፣ በሬው በቁሙ ሲልሰው የኖረውን አሁን ስጋው ሊጠየፈው ነው?» አለችኝ።

ቋንጣው ደረቀ፤ የነፍስ አባታችንም በበቅሎ መጡ። ቋንጣ ፍርፍር በወጭት ቀረበላቸው። አንዴ ጎረሱ፤ ጥርሳቸው ላይ ቅርጭጭ አለ። ደገሙ፤ አሁንም ቅርጭጭ። እኔ ጣራ ጣራውን አያለሁ፣ እሷ «ይብሉ እንጂ አባቴ» ትላለች። ይኼኔ ደጃፍ የታሰረችው በቅሏቸው ሽታው ደርሷት ኖሮ፣ ገመዷን በጥሳ ገባችና አንገቷን በትከሻቸው ላይ አሳልፋ ወጭቱን ትልሰው ጀመር።

አባ በቅሏቸውን አዩ፣ ወጭቱን አዩ፣ ባለቤቴን አዩ። ጢማቸውን ቀስ ብለው ጠረጉና «ልጄ» አሏት፤ «ሰው ወደ አፈር እንደሚመለስ ሳስተምራችሁ ኖሬያለሁ። አፈሩ በርበሬ ለብሶ ወደ ሰው እንደሚመጣ ግን መጽሐፉም አልነገረኝ።»