ምጡ የጀመረበት ሰዓት

(በአንዲት የወረዳ ከተማ ሆስፒታል፣ ሐሙስ ከጧቱ አራት ሰዓት፤ ከማዋለጃው ክፍል ደጃፍ ባለው አግዳሚ ላይ እማማ እናኑ ተቀምጠዋል፤ ልጃቸው አንጓች ውስጥ በምጥ ተይዛለች፤ አዋላጅ ነርሷ ሲስተር ትርንጎ ወረቀትና የጣት ቀለም ይዛ ፊታቸው ቆማለች።)

እናኑ፦ አልነካም አልኩሽ እኮ። ወረቀቱን ወደዚያ አድርጊልኝ።

ትርንጎ፦ አይናከስም እማማ። አንጓችን ጠይቄያት «እናቴ ያለችው ይሁን» ብላኝ ነው እርስዎ ጋ የመጣሁት።

እናኑ፦ በምጥ ያለች ሴት ብዙ ትላለች። እኔ እሷን ሳምጥ ባሌን ሽጡት ብያለሁ።

ትርንጎ፦ ሸጧቸው?

እናኑ፦ ገዢ አልተገኘም።

ትርንጎ፦ የማኅፀኗ በር ሰባት ሴንቲ ላይ እንደቆመ ነው፤ ከመጣችሁ ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ልጁም አልወረደም። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ሊያስፈልጋት ይችላል ብሏል።

እናኑ፦ ይችላል ነው ያለው። ያስፈልጋል አላለም።

ትርንጎ፦ አላለም። እውነትዎን ነው።

እናኑ፦ እንግዲያው ጠብቁ። ቆሞ ቆሞ በአንድ ምጥ የሚወጣ ስንት አይቻለሁ። በእነዚህ እጆቼ ሰማንያ አንድ ልጅ ተቀብያለሁ።

ትርንጎ፦ አውቃለሁ። ጤና ጣቢያ ስሠራ ስምዎን እሰማ ነበር።

እናኑ፦ በክፉ ነው በደግ?

ትርንጎ፦ በሁለቱም።

እናኑ፦ አምና ቀበሌ ጠርተው ጣቴን ቀለም አስነከሩኝ። «ከእንግዲህ ቤት ውስጥ አላዋልድም» የሚል ወረቀት ነው አሉኝ። አሁን ደግሞ በዚያው ጣቴ ልጄን ቅደዱ ልበል?

ትርንጎ፦ ቅደዱ አይልም።

እናኑ፦ ባላነበውም የሚለውን አውቀዋለሁ። የጎረቤታችን ልጅ በኦፕራሲዮን ወልዳ መጣች። አራስ ጥየቃ የሄደው ሰው ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት አፉ ተሳሰረ። የማረቻት ማርያም ናት ወይስ ሐኪሙ እየተባባሉ ደጅ ቆሙ። ገንፎው ቀዘቀዘ።

ትርንጎ፦ እሷስ ምን አለች?

እናኑ፦ ምን ትላለች። ልጇን ታጠባለች።

ትርንጎ፦ እኔም ሴትን ያለ ምክንያት ኦፕራሲዮን ክፍል አላስገባም። አንዴ የተቀደደች ሴት ቀጣዩንም እዚሁ መጥታ ነው መውለድ ያለባት፤ ከእናንተ ሰፈር ደግሞ መኪና መንገድ እስኪደርሱ ሁለት ሰዓት በቃሬዛ ነው። በራሷ ብትወልድ እኔም ደስ ይለኛል። ግን በሰዓቱ ይወሰናል። መቼ ነው የጀመራት?

እናኑ፦ ስንገባ ነግሬሻለሁ። ዛሬ ንጋት ላይ።

ትርንጎ፦ ያኔ ዶሮ ሲጮህ ነበር ያሉኝ።

እናኑ፦ ምን ልዩነት አለው?

ትርንጎ፦ ምንም። ደክሞኝ ነው። ከትናንት ጧት ጀምሮ ቆሜያለሁ፤ የምትተካኝ ልጅ ቀረች። እግሬ የማን እንደሆነ አላውቅም።

እናኑ፦ ተቀመጪ።

ትርንጎ፦ ከተቀመጥኩ አልነሳም። አንጓች ጉልበት የላትም፤ ምን ቀምሳለች?

እናኑ፦ ከገበያ ስመለስ ያመጣሁላትን ብርቱካን መጠጠች። ከዚያ ወዲህ ምጡ መች ፋታ ሰጣት፣ ውሃም አልወረደላት።

ትርንጎ፦ የእናንተ ገበያ መቼ ነው የሚውለው?

እናኑ፦ ማክሰኞ።

ትርንጎ፦ ዛሬ ሐሙስ ነው።

እናኑ፦ ብርቱካን ይቆያል።

ትርንጎ፦ እሺ። እንግዲህ ይስሙኝ። ያለን አንድ የኦፕራሲዮን ክፍል ነው። ሌላ ሴት አለች፣ ልጁ በእግሩ የመጣባት። ገና አሁን ነው የጀመራት፤ መግባቷ ግን አይቀርም። ሐኪሙ ማን ትቅደም ብሎ እኔን እየጠበቀ ነው። የአንጓች ምጥ ዛሬ ንጋት ከሆነ የጀመረው፣ ሴትዮዋ ትገባለች፤ ለአንጓች ምጥ የሚያበረታ መድኃኒት እንሰጣትና ምናልባት በራሷ ትገላገላለች።

እናኑ፦ ሴትዮዋ ትቅደም። እግዜር ይርዳት።

ትርንጎ፦ አልጨረስኩም። ከቆየ ግን ማኅፀኗ ዝሏል። ያ መድኃኒት ማኅፀኗን ሊተረትረው ይችላል። ያን ጊዜ ሁለቱንም ነው የምናጣው።

እናኑ፦ ጣቱን ቀለም ነክሮ ቃሉን ያፈረሰ ሰው ምን ያደርጉታል?

ትርንጎ፦ እኔ ቀበሌ አይደለሁም እማማ። ወሬ ተሸክሜ እዚያ ድረስ የምሄድበት ጉልበትም የለኝም።

እናኑ፦ እንዲያው ነው የጠየቅኩት።

ትርንጎ፦ እንዲያው ይሁን። የልጁን ራስ ነክቼዋለሁ። አናቱ አብጦ እንደ ቦካ ሊጥ ሆኗል፤ ጣቴ ይሰምጣል። እርስዎ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ።

እናኑ፦ ልቡስ?

ትርንጎ፦ ይመታል። እየዘገየ ነው። እኔ እሄዳለሁ፤ ንጋት ላይ ነው የጀመራት ብዬ ልንገረው?

እናኑ፦ ቆይ እስቲ።

ትርንጎ፦ እማማ፣ ሰውየው ጓንቱን አጥልቆ ቆሟል።

እናኑ፦ ሰማንያ አንድ አልኩሽ አይደል? ያልዳኑትን ሳልቆጥር ነው።

ትርንጎ፦ አውቃለሁ።

እናኑ፦ አስተካክለሽ ጻፊው። ማክሰኞ፣ ገበያው ሲፈታ ነው የጀመራት። ቀለሙንም ወዲህ በይው።