ጅብ የማይገባበት ደጅ

ነይ እስቲ ሥራዬ፣ እዚህ ጥላው ሥር ትንሽ እረፊ። ከጊደር መጋላ ገበያ መምጣትሽ ነው? ሽንኩርቱስ እንዴት ዋለ? ያንቺ እንኳ ደህና ነው፤ የኔው ሳልልጠው ነው የሚያስለቅሰኝ።

ሰማሁ፣ ሰማሁ! ለልጅሽ ለልደትዬ ሽማግሌ መጣ አሉ። ቅዳሜ መልስ ትሰጣላችሁ አሉ። እልል ነው እንጂ! ያውም ከማን ቤት… ከፈላና በሩ ጌታ፣ የቤታቸውን ግድግዳ ዝናብ ከማይነካው። እንዲህ ያለ አማች ማን ያገኛል? እሳቸው ከመጡ ወዲህ እኮ ያ ሰፈር ገነት ሆነ። ሐረር ሙሉ ጄሪካን ታቅፋ ስትንከራተት፣ እዚያ ቧንቧው ሌት ተቀን ይንፎለፎላል። ጉንፋን የያዘው ሰው የለ፤ ባጃጅ ጡሩምባ አይነፋ። ዶሮዋ እንኳ ስትጮህ አፏን በክንፏ ሸፍና ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ? እዚያማ ዝንቡም ከበር ይመለሳል።

ያስቸገረው ጅቡ ብቻ ነው…

ቅመም ሻጯን ዘቢባን ታውቂያት የለ? ባለፈው የአሹራ በዓል፣ እንደ ወጉ፣ ለጅቦቹ ቅቤ የጠጣ ገንፎ ይዛ ወጣች። የኛ ጅብ ደግሞ በየሰፈሩ ገብቶ ጂኒውን እየለቀመ የሚበላልን ባለውለታ ነው። እና ሌላውን ሰፈር ሁሉ አዳረሰና እሳቸው ደጅ ሲደርስ… ቀጥ! ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይላሉ። እዚያ ግን ገንፎ ቀርቦለት የኋሊት ሄደ። ዘቢባማ "አዑዙ ቢላሂ!" ብላ ገንፎውን ከነገበታው ጥላ ሮጠች። እኔ ምን አልኩ? ቤቱ ንጹሕ ቢሆን ነው፤ ምን የሚለቀም ጂኒ አለ? ወይም ደግሞ… ያለው ከጅቡ አፍ ይተልቅ ይሆናል።

የሚስት አያያዛቸውስ! ፊተኛዋን ሮማነወርቅን ታስታውሻለሽ? ኤረር በር ሆና ስትሳደብ ፈላና በር ያለው ሰው ጆሮውን ይይዝላት የነበረችውን? በሦስት ወር እንዴት አድርገው እንዳለሰለሷት! ፈገግ ብቻ። እናቷ ሊጠይቋት ቢሄዱ፣ ከወንበሯ ብድግ ብላ "ይግቡ እማማ፣ ማንን ፈልገው ነው?" አለቻቸው። የወለዷትን! እንዲህ ያለ ጨዋነት የት አይተሻል? ከዚያ "ዘመድ ጋ ሄደች" ተባለ። ሁለተኛዋ ጽጌሬዳም እንደዚያው ፈገግ እንዳለች ዘመድ ጋ ሄደች። ዘመዱ የት አገር እንደሆነ ብቻ… እስከ ዛሬ የነገረን የለም።

ምነው ፊትሽ ጠቆረ? ክፉ ቃል ወጣኝ እንዴ? ልደትዬ እንኳ ሳቋ ትንሽ ይበዛል፤ አስፋልት ተሻግሮ ይሰማል። እሱን ያስተካክሉላታል። ዕድሜያቸው ነው? ኧረ ገና ጎረምሳ ናቸው! አያቴን ሊያጩ የመጡ ጊዜም ይህችው ጥቁር ፀጉር ነበረች አሉ።

በይ ልሸኝሽ፣ ፀሐዩም በረደ። ቅዳሜ "እሺ" ስትሏቸው ባልኖር ምርቃቴን ከአሁኑ ያዥልኝ። እግዚአብሔር የአብርሃምና የሳራ ጋብቻ ያድርግላቸው። እሳቸውስ ዕድሜ ሞልቷቸዋል፤ ልደትዬን ግን በዚያ ቤት… እሳቸው በሸኟቸው ሚስቶች ቁጥር ያህል ዓመት እንኳ ያኑራት።