ደህና ስንት ነው?

— ሄሎ... አዎ፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው፤ ነርሱ ነኝ። ማን ልበል?... ውይ፣ እማማ! ድምፅዎን አላወቅኩትም እኮ።

— ልጅዎ? ምሳውን በልቶ ግቢ ውስጥ ካርታ ይጫወታል... አዎ፣ ያጭበረብራል። ማጭበርበሩ ብቻ አልተሻለውም።

— ሲስተር፣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ተይልኝ፤ ስልክ ላይ ነኝ!... ይቅርታ እማማ። ባሰበት? ማን ነገረዎት?... እሱ ራሱ?

— አይ፣ አያልቅሱ። ይስሙኝማ። በየሳምንቱ እንጠይቀዋለን አይደል፣ ድምፅ ይሰማሃል ወይ፣ ሰው ይከታተለኛል ትላለህ ወይ... ዜሮ ምንም፣ አራት በጣም የባሰ። የልጅዎ መልስ ከመጣ ጀምሮ አንድ ዓይነት ነበር፤ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን።» ሁሉም ዜሮ! እኔ እንኳ ዜሮ አልሆንም፣ እማማ። ጎረቤቱን የመታው ያ ድምፅ «በለው» ብሎት ነው፤ ፍርድ ቤቱም ይታከም ብሎ ነው ወደኛ የላከው። ደህና ከሆነ ምኑን እናክመው?

— ምን አሉኝ?... እርስዎ ነዎት «ደህና ነኝ በል» ያሉት?... ቶሎ እንዲለቁት... ገባኝ። እናት ነዎት፣ ምን እልዎታለሁ።

— ሄሎ? ይሰሙኛል?... ሰኞ ዕለት ስጠይቀው «ሦስት» አለ። ድምፁ ሦስት። ብሶበት አይደለም፣ እውነቱን ስለተናገረ ነው። «እናቴ ታዝንብኛለች» አለና አንገቱን ደፋ። እኔማ ላቅፈው ምንም አልቀረኝ! ዶክተሩም አነጋግሮት መድኃኒቱን ቀየረለት። አሁን ሦስቱ ሁለት፣ ሁለቱ አንድ ሲሆን እናየዋለን። ካልሆነም እናየዋለን።

— ኮሚቴው? መውጫውን የሚወስነው?... አልዋሽዎትም። በዚህ ወር ወደ ቤት አይመጣም... አውቃለሁ። አልጋውን አንጥፈው እንደሚጠብቁት አውቃለሁ። ግን በውሸት ዜሮ ወጥቶ፣ ያ ድምፅ እርስዎ ደጅ ላይ ቢጠራውስ?... አዎ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ይህን ደግሞ እርስዎ ነዎት እኔን የሚያስተምሩኝ።

— እሑድ ይምጡ እሺ? ግን «ደህና ነህ?» አይበሉት። «ዛሬ ስንት ነው?» ይበሉት... ይስቃል፣ ይሳቅ።

— እርስዎስ፣ እንቅልፍ ይወስድዎታል?... እማማ! «ደህና፣ ተመስገን» አይደለም የጠየቅኩዎት። ከዜሮ እስከ አራት።

— አራት አሉኝ?...

— እሺ እማማ... እሺ። እንኳን ነገሩኝ። እሑድ ለእሱም ይቺኑ አራት ይንገሩት፤ ብቻውን እንዳልሆነ ይወቅ። እኛም ተቀምጠን እናወራለን... በሉ እንግዲህ፣ ደህና... አይ፣ ይተዉት። ቻው እማማ።