አይተንፍሱ፣ ጋሽ ካሳሁን

ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ የቁጥር ሁለት ሕዝባዊ ፎቶ ቤት ባልደረቦቼ፣ እትዬ ሸዋዬ፣ ከአዋሳ ፒያሳ ሱቃችሁን ዘግታችሁ የመጣችሁ ጎረቤቶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ቁጥር አንድ ፎቶ ቤት የት እንዳለ እስከ ዛሬ አልታወቀም። የሚያውቅ ካለ ሰላምታችንን ያድርስልን።

እኔን ፍቅሬን ብዙዎቻችሁ በድምፄ እንጂ በመልኬ አታውቁኝም። ፊልም ከማጥብበት ጨለማ ክፍል ውስጥ «በሩን ዝጉ!» እያልኩ የምጮኸው እኔ ነኝ። ዛሬ ወጥቼ እንድናገር የተደረገው ፎቶ አንሺያችን ጋሽ ካሳሁን ሥራ ፍለጋ የመጡ ቀን ስለነበርኩ ነው።

ያኔ ፎቶ ቤቱ ገና አልተወረሰም ነበር። ባለቤቱ ወፍራም፣ ቁጡ ሰው ነበሩ። ጋሽ ካሳሁን ካሜራቸውን እንደ ሕፃን በጋቢ ጠቅልለው ገቡ።

«ምን ትችላለህ?» አሏቸው ባለቤቱ።

«ይቀመጡ» አሉ ጋሽ ካሳሁን። «ቀና ይበሉ። አገጭዎን ዝቅ። አይተንፍሱ።»

ሰውዬው ትንፋሻቸውን ያዙ። ጋሽ ካሳሁን መጋረጃውን ከፈት አደረጉት፤ አልወደዱትም፤ ዘጉት። ከዚያ ፀሐይዋን ሊያዩ ወደ ውጭ ወጡ። በር ላይ ባለሱቁን ሙህዲንን አገኙና ከነቤተሰቡ ሰላም አሉት። ሲመለሱ ባለቤቱ መጀመሪያ ቀይ፣ ቀጥሎ ወይን ጠጅ ሆነዋል።

«አሁን ይተንፍሱ።»

«አነሳኸኝ?»

«ኧረ ገና ነኝ! ትዕግሥትዎን ልይ ብዬ ነው።»

በዚያው ቀን ተቀጠሩ። ባለቤቱ እምቢ የሚሉበት ትንፋሽ አልነበራቸውም።

ጋሽ ካሳሁን፣ ምን አሉ? መብራቱ ዓይንዎን ወጋዎት? ይታገሱ፣ የአዳራሹ መብራት ነው። ኮቱንም አያውልቁ። ለክብርዎ ነው ያለበስንዎት።

አሁን ወደ ጉዳያችን። ዛሬ የተሰበሰብነው ጋሽ ካሳሁን ጡረታ ወጡ ብለን ነው። እውነቱን ከተነጋገርን ግን አልወጡም። ደመወዛቸው ቆሟል፤ ጡረታቸው አልጀመረም። ጡረታ ክፍሉ ለመታወቂያው ሁለት ጉርድ ፎቶ አምጡ ብሏል። የአዋሳን ሕዝብ በሙሉ ያነሱት ሰው ግን ፊታቸው የሚታይበት አንድም ፎቶ የላቸውም። እስከ ሰኞ ካላቀረቡ ማመልከቻቸው ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። ወደ አዲስ አበባ የተመለሰ ማመልከቻ ደግሞ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ቁጥር አንድ ፎቶ ቤት ይሆናል።

«ታዲያ ይነሱ እንጂ!» አልናቸው።

«ማን ያንሳኝ?»

«ረዳትዎ ካሰች አለች።»

«ካሰች መልካም ልጅ ናት። ግን ሰው ሳይዘጋጅ ትጫናለች።»

«እኔስ?»

«አንተ ስለ ብርሃን ምን ታውቃለህ? የምትኖረው ጨለማ ውስጥ።»

ባለቤታቸው እትዬ ሸዋዬ ምስክሬ ናቸው፤ ነገሩ የቆየ ነው። ጋሽ ካሳሁን ያቺን ባለ ሁለት ዓይን የጀርመን ካሜራ የገዙት ለሠርጋቸው የተቀመጠውን በሬ ሸጠው ነው። እድምተኛው ሽሮ በልቶ ሄደ። «በሠርጌ ጦም ያስዋለችኝ እሷ ናት» ይላሉ እትዬ ሸዋዬ እስከ ዛሬ፣ ካሜራዋን በአገጫቸው እያመለከቱ። የሠርጋቸው ፎቶ ግድግዳቸው ላይ አለ። እትዬ ሸዋዬ በሙሽራ ልብስ ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው ባዶ ወንበር አለ። ሙሽራው ፎቶ እያነሱ ነበሩ። ወንበሩ ላይ የወደቀው ብርሃን ግን፣ እኔም እመሰክራለሁ፣ በጣም ያምራል።

የካሜራዋን ስም ታውቃላችሁ፤ እሜቴ ትባላለች። አንድ ጊዜ በውይይት ክበብ ላይ ካድሬው ተነስቶ «እሜቴ የፊውዳል መጠሪያ ነው፤ ይቀየር» አለ። ጋሽ ካሳሁን አሰቡበት። በሚቀጥለው ስብሰባ «ሂሱን ተቀብያለሁ። ከእንግዲህ ጓዲት እሜቴ ናት» አሉ። በቃለ ጉባኤ ገባ።

ከወዳጅ አገር አዲስ ካሜራ ሲላክልን ደግሞ አንድ ቀን ይዘውት ዋሉና መለሱት። «ምነው?» አላቸው ዕቃ ቤቱ። «ምንም አላለኝም» አሉ።

ፊልም ከገበያ የጠፋ ጊዜ ጠባያቸው እንዴት እንደነበር የማያስታውስ የለም። ዓይኑን የጨፈነ ሰው በእሳቸው ዘንድ ከሌባ አይለይም። አንድ የቡሹሎ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ሊነሱ መጥተው ጨፈኑባቸው። ጋሽ ካሳሁን ከካሜራዋ ቀና አሉና፦ «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይህች ፊልም ከጀርመን ድረስ የመጣችው እርስዎ ሲተኙ ልታይ ነው?» አሏቸው። ሰውዬው እስከ ዛሬ በፒያሳ ሲያልፉ ዓይናቸውን አፍጥጠው ነው።

ሰው የዓመት ፈቃድ ሲወጣ ዘመድ ይጠይቃል። ጋሽ ካሳሁን ማጅራት ፍለጋ ይወጣሉ። ቀልድ አይደለም። ይርጋዓለም፣ ነገሌ፣ አርባ ምንጭ፣ የሄዱበት ሁሉ ሰውን የሚያነሱት ከኋላው ነው። «ለምን?» ስላቸው፦ «ዓመቱን ሙሉ ፊት ሳይ እከርማለሁ። ፊት ካሜራ ሲያይ ይዋሻል። ማጅራት መዋሸት አልተማረም» አሉኝ። ዲላ ላይ አንድ የቡና ነጋዴን ከኋላ ከኋላ ሲከተሉት ሰውዬው ዞሮ «ምን ፈልገህ ነው?» አላቸው። እሳቸው የሚያውቁት እውነት መናገር ነው። «ማጅራትህን» አሉት። ያንን ሌሊት ጣቢያ አደሩ።

ጎባ አብሬአቸው ሄጄ ነበር። ብርድ ስለሆነ ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቧል። የተመለስነው ፎቶ በሞላው ፖስታ ነው፤ ሁሉም ጋቢ ነው። እሳቸው ግን ማን ማን እንደሆነ ይለያሉ።

ስንመለስ ሻሸመኔ ኬላ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት ግን ስለ ኮቱ። አሁን የለበሱት ግራጫ ኮትና ቀይ ክራባት የፎቶ ቤቱ ነው። ኮት ለሌለው ደንበኛ የምናለብሰው ነው፤ ኮት ያለው ደንበኛ ደግሞ መጥቶ አያውቅም። ስለዚህ የቀበሌ መታወቂያ የወጣ ጊዜ የአዋሳ ወንድ በሙሉ በዚህ ኮት ተነሳ። ረጅሙም፣ አጭሩም፣ የሙህዲን አባትም።

ሻሸመኔ ላይ ወደ አዋሳ በሚመለስ አውቶቡስ ተሳፍረናል። ኬላው ላይ አንድ አስር አለቃ ሁላችንንም አስወርዶ መታወቂያ ማየት ጀመረ። የመጀመሪያው፦ ግራጫ ኮት፣ ቀይ ክራባት። ሁለተኛው፦ ግራጫ ኮት፣ ቀይ ክራባት። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ መሣሪያውን ከትከሻው አወረደ።

«ይህ የምን ድርጅት ዩኒፎርም ነው?»

«የአዋሳ ሰዎች ነን» አልን።

«እሱን አልጠየቅኩም!»

የጋሽ ካሳሁን ተራ ደረሰ። በመታወቂያቸው ላይ የፎቶው ቦታ ባዶ ነው። የቀበሌያቸው ሊቀ መንበር ቢቸግራቸው እዚያ ላይ «ግለሰቡ ፎቶ አንሺው ራሱ ነው» ብለው ጽፈው ማኅተም አድርገውበታል። አስር አለቃው ደግሞ ደጋግሞ አነበበው።

«ፎቶህ የታለ?»

«የማነሳው እኔ ነኝ።»

«አንተንስ ማን ያነሳሃል?»

«ችግሩ እሱ ነው» አሉ ጋሽ ካሳሁን።

ቦርሳቸው ተፈተሸ። ኮቱ ወጣ፣ ክራባቱም ወጣ። ለመንገድ ደንበኛ ብለው ይዘውት ነበር።

«መሪያቸውን አገኘሁት!» ብሎ ጮኸ አስር አለቃው።

ቀጥሎ የማጅራቶቹ ፖስታ ወጣ።

«እነዚህስ? ፊታቸውን የደበቁት ለምንድን ነው?»

«አልደበቁም፤ የተነሱት ከኋላ ነው።»

«ከኋላ ማን አለ?»

«እኔ።»

ይህን ጊዜ እኔ ጸሎት ጀምሬአለሁ። በመጨረሻ እሜቴ ወጣች። «ክፈታት!» አለ። እስከዚያ ድረስ የተባሉትን ሁሉ ሲታዘዙ የነበሩት ሰው መሬት ላይ ቁጭ ብለው አቀፏት።

«ፊልም አለባት። ብርሃን ከገባ ይቃጠላል። ካልሆነ እኔን ክፈቱኝ።»

አስር አለቃው ሰውዬውን አየ፣ ካሜራዋን አየ። ከዚያ በቀስታ፦ «እናቴ ፎቶ ላክልኝ ካለችኝ ቆየ» አለ።

ጋሽ ካሳሁን አፈራቸውን አራግፈው ተነሱ። ኮቱን ከወታደር ልብሱ በላይ አለበሱት፣ ክራባቱን አሰሩለት።

«መሣሪያውን ያስቀምጡ። አገጭዎን ዝቅ። አይተንፍሱ።»

ኬላው በሙሉ ትንፋሹን ያዘ። የተነፈሰችው አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ የተጫነች አንዲት ፍየል ብቻ ናት። «ድርጅታችን» አንድ ባለ ግራጫ ኮት አባል ጨምሮ ወደ አዋሳ ገባ። ፎቶውን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ለእናቱ ተልኳል። እናቱ ኮቱን አይተው «ልጄ ተሾመ» ብለው እንደደገሱ በኋላ ጽፎልናል።

እንግዲህ ለጡረታ ክፍሉ ምን እንደተላከ ገምቱ። በዓለም ላይ ያለው የጋሽ ካሳሁን ፎቶ አንድ ነው፤ ራሳቸው ፀጉር ቤት ውስጥ እሜቴን ከኋላቸው አቁመው ያነሱት የራሳቸው ማጅራት። ሁለት ቅጂ አሳጥበውኝ ላኩት። መልሱ በሳምንቱ መጣ፦ «አመልካቹ ዞረው ይላኩ።»

አትሳቁ፤ የእትዬ ሸዋዬ ጓዳ እየሳቀ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። አሮጌ ፊልሞች ቦታ አጣበቡ፣ ይቃጠሉ የሚል ትእዛዝ የመጣ ጊዜ ጋሽ ካሳሁን «እኔ አቃጥላቸዋለሁ» ብለው በጋሪ ጫኑ። አላቃጠሉም። አልጋቸው ሥር ከተቷቸው። አልጋው እግር ተቀጠለለት፣ ቀጥሎ ድንጋይ፣ አሁን የሚወጣው በበርጩማ ነው። እትዬ ሸዋዬ ጎረቤት ሲጠይቃቸው «እኔ ከአዋሳ ሕዝብ በላይ የምተኛ ሴት ነኝ» ይላሉ። ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ ይህን አልሰሙም። አልሰሙም አይደል? እግዜር ይስጥልኝ።

ታናሽ ወንድሜ ወደ ግንባር ሲሄድ በዚህ ኮት ተነስቶ ነበር። ቤታችን ያለው ፎቶ እናቴ እያነሳች ስታየው፣ ስትዳስሰው ፊቱ ጠፋ። የቀረው ጋቢ የመሰለ ነጭ ነገር ነው። ለጋሽ ካሳሁን ነገርኳቸው። በማግስቱ ፊልሙን አምጥተው ጨለማ ክፍሌ በር ሥር አስገቡልኝ። አጠብኩት። ፊቱ ከመድኃኒቱ ውስጥ ቀስ እያለ ወጣ። እዚህ ከተቀመጥነው መካከል እንደዚህ በበር ሥር የደረሰው ሰው እኔ ብቻ አይደለሁም። ከዚህ በላይ አልናገርም። ጋሽ ካሳሁን፣ አመሰግናለሁ።

ንግግሬ ረዘመ። አስረዝም የተባልኩት በካሰች ነው።

ካሰች ከመጀመሪያው ጀምሮ አንገቷን ደፍታ የተቀመጠችው አዝና አይደለም። በእሜቴ የሚያነሳ ሰው የሚያየው ከላይ ወደ ታች አጎንብሶ ነው። ካሜራዋ የካሰች ጭን ላይ ናት፣ በነጠላ ተሸፍና።

ይቀመጡ! ጋሽ ካሳሁን፣ ይቀመጡ! አዎ፣ ከራስጌዎ አንስተው ያመጧት እትዬ ሸዋዬ ናቸው። የሽሮው ብድር ነው። ያ መብራትም የአዳራሹ አይደለም፤ ከፎቶ ቤቱ ያመጣነው ነው። እኔ ነኝ ያስተካከልኩት፤ ጨለማ ውስጥ የኖረ ሰው ብርሃን የት እንደጎደለ ያውቃል። ለመዞር አይሞክሩ፤ ከኋላዎ ግድግዳ ነው። ማጅራትዎን የሚሰጡበት ቦታ የለም።

አሁን ጥሩ አድርገው ይስሙኝ። እሜቴ ውስጥ የቀረችው አንዲት ፊልም ናት። አዋሳ ውስጥ ሌላ የለም፤ ሙህዲን ሻሸመኔ ድረስ ልኮ አጥቷል። ቢነቃነቁ ትባክናለች። ቢጨፍኑ ትባክናለች። ከጀርመን ድረስ የመጣችው እርስዎ ሲተኙ ልታይ ነው?

እሰይ። እንደዚያ።

እትዬ ሸዋዬ፣ ወደ እሳቸው ጠጋ ይበሉ። ለጡረታ ክፍሉ የእሳቸውን ጉርድ ቆርጬ እሰጠዋለሁ፤ ሙሉው የእርስዎ ነው። ያ ወንበር ዛሬ ሰው ተቀምጦበታል።

ብርጭቆአችሁን አንሱ። ቢራ የያዘ ቢራውን፣ ሙህዲን ሚሪንዳውን፣ እኔም አምቦ ውሃዬን። ጋሽ ካሳሁን፣ የእርስዎ ከደረት በታች ይሁን፤ ጡረታ ክፍሉ ቢራ ያለበት ጉርድ አይቀበልም። እሳቸው ሳይተነፍሱ ማንም እንዳይጠጣ።

ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ፊልም አይጥፋብዎ። ኬላው ሁሉ እናቱ የምትናፍቀው ወታደር ይቁምበት። በሄዱበት አገር ሰው ሁሉ ጀርባውን ይስጥዎ። ጡረታዎን ከእትዬ ሸዋዬ ጋር በሥጋ ይብሉት፣ በሽሮ አይደለም።

ቀና ይበሉ። አገጭዎን ዝቅ።

አይተንፍሱ።

ካሰች፣ ፀሐይ ልይ ብለሽ እንዳትወጪ።

...

አነሳሽው?

አሁን ይተንፍሱ፣ ጋሽ ካሳሁን። ጡረታ ወጥተዋል።